ጎባጣዋ ቱቦ

«እማማ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው» አላቸው ኢንጂነሩ፣ «ቱቦዋን መልሰህ ግጠማት» ቢሉት፣ እንደ ሁልጊዜው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው። ቱርኪያ ጎባጣዋን ቱቦ ጨበጥ አደረጉ። በልጃቸው ሞተር አልባ አውሮፕላን ጭራ ላይ ሳለች ቀዳዳዋን በየማለዳው በወስፌ የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ፤ «የእሷን ሥራ ኮምፒውተር ያሰላዋል» ብሎ የነቀላት ኢንጂነሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መውጣት መውረዱን የሚናገረው፣ በቱቦዋ ይታረም የነበረው መሣሪያ፣ ልጃቸው ሙዓዝ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ባደረገ ቁጥር አየሩ ሳያነሣው «ወጣህ» እያለ ይዋሸው ጀመር። ቢናገሩም የሰማቸው የለም። ሙዓዝ የወጣ መስሎት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲዞር ተራራው ላይ ተከስክሶ ቀረ።

አሁን የቀረቻቸው አንዲት ልጅ፣ ፋኢዛ፣ እንደዚያው ቱቦው በተነቀለበት በሌላኛው አውሮፕላን ተቀምጣ ቀበቶዋን ታስር ነበር።  ቱርኪያ ቱቦዋን ኢንጂነሩ ደረት ላይ ጫን አደረጓት።

«ወላሂ፣ ኮምፒውተርህን ካመንከው እሷን አውርድና አንተ ውጣበት!»