የቡቺ ድርሻ

ጨዋታውን ሆሳዕና ከተማ ያስገባው መምህር ዳኘ ነው። እንግሊዝኛ ሲያስተምር የከረመ አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ወፍራም መጽሐፍና ዳይስ የሚባሉ፣ ብዙ ፊት ያላቸው ባለቁጥር የዕጣ ጠጠሮች ትቶለት ሄደ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥርና ጉልበቱንና ቁስሉን ወረቀት ላይ ይመዘግባል። ዳኘ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀረውን ዳይሱ ይፈርዳል። ጊዜው የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ምን ሥራ አላቸው!

የሚጫወቱት ጠና ሳሎን ውስጥ ነው። ጠና የዳኘ ባልደረባ፣ የሒሳብ መምህር፣ ኩሩ ሰው ነው። ዳኘ የትምህርት ቤቱን የፀረ ኤድስ ክበብ ይመራል። የደም ምርመራው ድንኳን ግቢ ውስጥ የተተከለ ዕለት ለተማሪዎቹ ምሳሌ ልሁን ብሎ ቀድሞ ክንዱን ዘረጋ። ጠና ግን «ደሜን ለማንም አላሳይም» ብሎ በጓሮ በር ወጣ። መርፌ ፈርቶ ነው ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁበት።

ሦስተኛው ተጫዋች ሺንሺቾ ገበያ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሀምዛ ነው። የጠና ሚስት ፋንታዬ አትጫወትም። ጥግ ይዛ ትጠልፋለች፤ ክሩን በምላጭ ትቆርጣለች።

ጠና ለጨዋታው የፈጠረው ሰው ድግምት የሚያውቅ አዳኝ ነበር። ቡቺ የሚባል ውሻም አለው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ባለቤቱ በራሱ ላይ የሚደግመው የፈውስ ድግምት በአምስት እርምጃ ውስጥ ላለው ውሻም ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል። ሀምዛ በዚህ ነገር በገነ።

«በአንድ መድኃኒት ሁለት በሽተኛ? ወላሂ ግፍ ነው! እኔ ለአንዲት ነፍሴ ስለፋ እሱ ከነውሻው ይድናል።»

ዳኘ እኩልነት ይወዳል። እዚያው ሕጉን አሻሻለው። ውሻው አጠገቡ ካለ ፈውሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሽ ለሰውየው፣ ግማሽ ለውሻው።

ጠና ተቆጣ። ሰሞኑን በትንሽ ትልቁ ይቆጣል። ከመክሳቱ የተነሳ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል፤ ጨጓራ ነው ይላል። ፋንታዬ በየወሩ እህቷን ልትጠይቅ ዱራሜ ትሄድና ወረቀቱ የተላጠ የክኒን ጠርሙስ ይዛለት ትመለሳለች። ክኒኑን በዚያው በምላጯ እኩል ሰንጥቃ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ ትሰጠዋለች። «ሙሉው ለሆድህ ይከብዳል» ትላለች። እሷም ብትሆን ከስታለች፤ ግን ሴት ስትከሳ ማን ልብ ይላል?

«መምህር ዳኘ» አለች ያን ቀን። ስለ ጨዋታው ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ግማሹ ያድናል?»

«አያድንም። ሁለቱም ቀስ በቀስ ይደክማሉ።»

«ውሻው ራሱ ርቆ ቢሄድስ?»

«ያኔ ሙሉው ለጠና ይሆናል።»

«ውሻውስ?»

ሀምዛ ሳቀ። «ውሻ ጠፋ እንዴ? ሌላ ያሳድጋላ!»

ፋንታዬም ፈገግ አለችና ክሩን ቆረጠች።

በሳምንቱ ቤቷን ጥላ ወጣች። ሺንሺቾ እናቷ ቤት ገባች። ጠና ሽማግሌ ላከባት። «በቃኝ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። ሽማግሌዎቹ አፍረው ተመለሱ።

የጠናን ክኒን ነገር ሀምዛ ያዘው። በየወሩ አንድ ጠርሙስ ያመጣለታል። «ዱራሜ ፋርማሲ ነው የገዛሁልህ፤ ሙሉውን ይዋጥ ብለዋል» አለው። ጠና ሙሉውን ዋጠ። በሦስተኛው ወር ጉንጩ ሞላ፣ ሳቁ ተመለሰ፣ ሸሚዙ ጠበበው። በጨዋታውም ቡቺን አባሮ ፈውሱን ለብቻው አደረገ።

ያኔ የከተማው አፍ ተከፈተ። ፋንታዬ በየወሩ ዱራሜ የምትመላለሰው እህቷ ጋ ሳይሆን አዋቂ ቤት ነበር ተባለ። አስነክታው ኖሯል፤ እሷ ስትርቅ ለቀቀው ተባለ። ቆይቶ ጠና ራሱ ከሁሉም ብሶ ያወራ ጀመር።

«ለክኒን እንኳን ሰስታ ግማሽ ነበር የምትሰጠኝ። ምን እየቀባችበት እንደነበር እግዜር ይወቅ!»

ዳኘ የተማረ ሰው ነው፤ በመተት አያምንም። ግን የሰውየውን ጉንጭ በዓይኑ አይቷል። «አንድ ነገርማ አለ» ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የጠና ዘመዶች ሌላ ሚስት መፈለግ ጀመሩ።

በሐምሌ ፋንታዬ ሞተች። ጠና ለቀብሯ አልሄደም። የቅዳሜውን ጨዋታም አላስቀረም።

ሀምዛ አርፍዶ መጣ። ጫማው የሺንሺቾን ጭቃ እንደያዘ ነው። ዳይሱን አልነካም። ከኪሱ ጠርሙስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናቷ ናቸው የሰጡኝ» አለ። «ፋርማሲ ያልኩህ ውሸት ነው። እስከ ዛሬ የምትልክልህ እሷ ነበረች። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው። ይሄን ሳትሰጠኝ ሞት ቀደማት።»

የጠና ፊት ጠቆረ። ጠርሙሱን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

«ከመቃብርም ሆና አልተወችኝም! ምን አድርጌአት ነው እንዲህ የምትመርዘኝ?»

ጠርሙሱ ፕላስቲክ ነውና አልተሰበረም። እየተንከባለለ ሄዶ ዳኘ እግር ሥር ቆመ። ዳኘ አነሳው። ይህን ጠርሙስ ያውቀዋል፤ ሥዕሉን የፀረ ኤድስ ክበቡ ሰሌዳ ላይ በገዛ እጁ ለጥፎታል። ወረቀቱ ዛሬ አልተላጠም።

«ምን ይላል?» አለ ጠና።

ዳኘ አነበበ፦ «ፋንታዬ ሎምባሞ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከማንም ጋር አይካፈሉ።»