የወገቧ ቋጠሮ

ሳቢራ ራሷ ከሠራችው ካርድ ጎን የወጣውን ቀጭን ወረቀት ሳበችው። የጃፓኖችን ረጅም የባህል ልብስ፣ ኪሞኖ፣ የለበሰችው የወረቀት ሴት ከወገቧ ትንሽ ብቻ ጎንበስ አለች። አልበቃትም። በጃፓን እንግዳ የሚከበረው ዝቅ ብሎ በማጎንበስ እንደሆነ የወረቀት ሥራ የምታስተምራቸው ጃፓናዊት መምህርት በክፍል አሳይታቸው ነበር። ሳቢራ የወረቀቷ ሴት ወገብ ላይ ያለውን የክር ቋጠሮ በመርፌ ጫፍ አላላችውና እንደገና ሳበች። አሁን ሴትዮዋ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ አጎነበሰች። ከራሷ በላይ የእንኳን ደህና መጣሽ ቃል በኦሮምኛ ተጽፏል፤ «በጋ ነጋን ዱፍቴ» ይላል።

ታላቅ እህቷ ዓፊያ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ከጅዳ ከተመለሰች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች፤ ካልጠየቋት አትናገርም።

«እንቺ እቴ፣ ላንቺ ነው። እስቲ ሳቢው።»

ዓፊያ በረኪና በላጠው ጣቷ ሳበችው። ሴትዮዋ አጎነበሰች።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ኧረ ምንም! እየተቀበለችሽ እኮ ነው» አለች ሳቢራ እየሳቀች።

ዓፊያ አልሳቀችም። «ቀና አድርጊያት።»

ሳቢራ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ገፋችው። ሴትዮዋ ቀና አለች፤ ሳቢራ እጇን ስታነሳ ግን ሴትዮዋ ተመልሳ ወደቀች። ዓፊያ ካርዱን ተቀበለቻት። የሴትዮዋን ግንባር በጣቷ ደግፋ አቆመቻት፤ ጥቂት ያዘቻትና ጣቷን ቀስ ብላ ወሰደች። ሴትዮዋ እንደገና አጎነበሰች።

ሳቢራ ፊቷ ተለዋወጠ። ቋጠሮውን ልታጠብቅ መርፌዋን አነሳች።

«ተያት» አለች ዓፊያ ካርዱን እያጠፈች። «ለምዳለች።»