ፀሐይ የፈነዳች ዕለት

ኢንጂነር ትርሲት ዓመታት የለፋችበት የኮምፒውተር ስሌት የሚፈተንበት ቀን ደረሰ። ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ተከስቷል፤ ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ ምድርን ይመታል። ያን ጊዜ የምድር መግነጢስ ሲናወጥ፣ ያልተጠራ ኤሌክትሪክ ከመሬት ተነሥቶ በረጅሙ የሰሜን የመብራት መስመር ይገባና ዋናውን ትራንስፎርመር ያነደዋል። ስሌቱ የሚለው ይህንን ነው።

እየሮጠች የመብራት ኃይሉ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገባች።

"አቶ ዘርይሁን፣ ዛሬ ከሰዓት የሰሜኑን መስመር እናጥፋው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ አካባቢው ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።"

"ለበላዮቼ ምን ልበል? ፀሐይ ተቆጥታ ነው ልበላቸው? ሂጂ ባክሽ፣ ሥራ አታስፈቺኝ!" ብለው አባረሯት።

ማዕበሉ አልቀረም፤ መጣ። በጎረቤት አገር ትራንስፎርመሮች ነደዱ። የሰሜኑ ግን ንክች አላለም። አቶ ዘርይሁን "የታለች ፀሐይሽ?" እያሉ በሰው ፊት ሳቁባት። አንገቷን ደፍታ ወጣችና፣ ስሌቷ የት ላይ እንደሳተ ለማወቅ ወደ ሰሜኑ መስመር ማከፋፈያ ጣቢያ ደወለች።

"ምን ያገኘዋል ብለሽ ነው ኢንጂነር?" አለ ተረኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መስመሩ እኮ ተበላሽቶ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ ነው። አቶ ዘርይሁን ይቆጣሉ ብለን ነው ዝም ያልነው።"

ሄዳ ይህንኑ ነገረቻቸው። መሳቃቸውን አቆሙ።

ምሽት ላይ አቶ ዘርይሁን ከረባታቸውን አሳምረው በቴሌቪዥን ቀረቡ። "መሥሪያ ቤታችን ፀሐይን በቅርብ ስለሚከታተል፣ መስመሩን አስቀድመን አጥፍተን አገር አድነናል" አሉ።

ትርሲት መግለጫውን በማግስቱ ከሰው ሰማች እንጂ አላየችውም። የሰሜኑ መስመር ገና ስላልተጠገነ፣ እሷ ሰፈር መብራት አልነበረም።