ስምንት ጥያቄ

መልእክቱ እትዬ አስቴር ስልክ ላይ የገባው በግንቦት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ፊደሉ ስለሚያንስባቸው ወዲያው ልዕልት ዘንድ ደወሉ።

«ልዕልቴ፣ የናንተ ማሽን ጽፎልኛል። ደግ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ "ክብርት" ብሎ ነው የጀመረው።»

ልዕልት ከሥራ ስትወጣ አቃቂ በሰቃ ወርዳ አነበበችላቸው። «ክብርት አመልካች፣ የመድኃኒት ድጋፍ እንደማያስፈልግዎ ተረጋግጧል።»

እትዬ አስቴር ሳቁ። «እንኳን ደስ ያለኝ! ሀብታም ሆኜ የነገረኝ የለም።»

እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። የልብ መድኃኒታቸውን ለሁለት እየገመሱ መዋጥ ከጀመሩ ወር አልፏል። የቀረው እስከ ዓርብ ቢያደርሳቸው ነው።

ልዕልትን፣ እናቷ ከሞተች በኋላ፣ ፋብሪካ ውለው እየመጡ ያሳደጓት እኚህ ሴት ናቸው። አሁን እሷ ኮዬ ፈጬ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ደመወዟ ለራሷም ከወር ወር አያደርስም። የምትሠራው ግን ወረዳው ውስጥ፣ ድጋፉ በሚሰጥበት ክፍል ነው፤ ማመልከቻውን አምጥታ ያስሞላቻቸውም እሷው ነች።

«ለመሆኑ ሲደወልልዎት ምን ብለው መለሱ?»

«ልጅቷ "ጓዳዎ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ ወይ?" አለችኝ። "ተመስገን፣ ምን ይጎድለኛል" አልኳት።»

«እትዬ!»

«ታዲያ ለማላውቃት ልጅ ጓዳዬን ልዘርግፍላት?»

«ልጅ እኮ አይደለችም፤ ማሽን ነው።»

«ማሽንም ቢሆን። አነጋገሯ የጨዋ ልጅ ነው።»

«መድኃኒቱንስ ስትጠይቅዎት?»

«"እሱ ያውቃል" አልኳት። ይኸው ያውቃል።»

ማሽኑ ወረዳው ከገባ ዓመት አልሞላውም። ለአመልካቹ ይደውላል፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ ስምንት ጥያቄ ይጠይቃል፣ የሰማውን መዝኖ አጭር ማስታወሻ ይጽፋል። ዘመድ ለዘመድ እንዳያደላ ስምና አድራሻ ከሠራተኛው ይሸፈናል። ማሽኑም ብቻውን እንዳይፈርድ፣ ፋይሉን የሚዘጋው ከስድስቱ ሠራተኞች አንዱ ነው። ሰዉን ከደጅ ጥናት ገላገለው ተብሎ ተመስግኗል። ልዕልትም ወዳው ነበር። በቀን መቶ ሃያ ፋይል ጨርሳ፣ ለነገ ሳታሳድር ትወጣለች፤ የወሩ ምስጉን ሠራተኛ ተብላ ፎቶዋ በሩ ላይ ተለጥፏል።

ማክሰኞ ጠዋት አጠገቧ የሚቀመጠውን ጌዲዮንን ጠየቀችው።

«ጌዲ፣ እትዬ አስቴርን ማሽኑ ጣላቸው። አንተ ጋ ደርሶ ይሆን?»

ጌዲዮን ዐይኑን ከስልኩ አላነሳም። «በምን አውቃለሁ? ስም የለው፣ መልክ የለው። ስታሞግሺው የከረምሽው ማሽን አይደል? እሱኑ ጠይቂው።»

«አማርኛ ያውቃል እንጂ ይሉኝታ አያውቅም» አለች ልዕልት። «ሰው ቢሆን ኖሮ ገና "ተመስገን" ሲሉ ይገባው ነበር።»

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ፈቀደ ነገሯን እስከ መጨረሻው ሰሟት። ክፉ ሰው አይደሉም።

«የማሽን ስሕተት ከሆነ፣ ማስታወሻው ሠራተኛውን አሳስቶት ከሆነ፣ ዛሬውኑ ከፍቼ አጸድቅላቸዋለሁ። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«የማሽን ስሕተት ነው፣ ጋሼ።»

«ሰው በራሱ ዐይን አይቶ፣ በራሱ ውሳኔ የዘጋው ከሆነ ግን እስከ መስከረም አይነካም። የሰው ዐይን የመጨረሻ ነው ተብሏል። ማሽኑ የጻፈውና የዘጋው ሰው ያለበት መዝገብ እስኪመጣ ታገሺ።»

መዝገቡን ለማየት ወደ ላይ ደብዳቤ ተጻፈ። ረቡዕ «ሲስተም የለም» ተባለች። ሐሙስ ሲስተሙ መጣ፤ መብራት ሄደ። ማታ ማታ እትዬ አስቴር ዘንድ እየወረደች «ነገ ያልቃል» ትላለች። እሳቸውም «አይዞሽ፣ እኔ ምን ሆንኩ» ይሏታል። ግማሹን ኪኒን እንደገና ለሁለት ሲገምሱት አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተኝተው ሲተነፍሱ ድምፁ እደጅ ይሰማል።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ፈቀደ አስጠሯት። መዝገቡ ኮምፒውተራቸው ላይ ተከፍቷል። አላዩዋትም፤ ስክሪኑን ብቻ ወደ እሷ አዞሩት።

ማሽኑ እንዲህ ጽፏል፦ «አመልካቿ "ምን ይጎድለኛል" ያሉት ይሉኝታ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከመወሰኑ በፊት ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይያቸው።»

ከሥሩ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «አያስፈልግም፣ ይዘጋ — ልዕልት ሰይፈሥላሴ፤ ፋይሉ የታየበት ጊዜ፣ ሦስት ሰከንድ።»