እንኳን ማርያም ማረችሽ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ቆንጆ!» አለች የጸጉር ሳሎኑ ባለቤት ዕፀገነት፣ ደንበኛዋ ፀደንያ የመስታወቱን በር ገና ከመግፋቷ። የያዘችውን የጸጉር መተኮሻ ፔስትራ ለረዳቷ ለሀይሚ አቀብላ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ሄዳ እቅፍ አደረገቻት። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ዕፀገነትም እንዲያዩላት ፈልጋ ነበር።

ዕፀገነት ስሟን ያገኘችው በመቀስ አይደለም። ቦሌ ውስጥ ጸጉር የሚሠራ ሞልቷል፤ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ብቻ እንኳ ሳሎን በሳሎን ነው። እሷ ዘንድ ግን ከሲኤምሲ ድረስ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ እየተማረሩም ቢሆን የሚመጡት ሰው ስለማትረሳ ነው። የማን ልጅ ማትሪክ እንደወደቀ፣ የማን እናት ስኳር እንዳለባቸው፣ የማን ባል ለሥራ ጅጅጋ ሄዶ እንደቀረ፣ ሁሉንም ታውቃለች። «እናንተ ደንበኛ አይደላችሁም፣ እህቶቼ ናችሁ» ትላለች፤ ስትለው ደግሞ ከልቧ ነው። ሠራተኞቿንም ጠዋት ጠዋት የምትነዘንዛቸው በዚሁ ነው፤ ሰው ከመቀመጡ በፊት በስሙ ጥሩት፣ ስለ ቤቱም ጠይቁት እያለች።

ፀደንያ ኤርፖርት መንገደኛ የምታስተናግድ ልጅ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት ሆዷ ገፍቶ፣ ማጠቢያው ላይ መጋደም አቅቷት፣ ሁለቱም ሲስቁ ነበር። ዕፀገነት ከወገቧ በታች ትራስ እየደገፈችላት፣ ገንፎውን ይዤ አራስ ቤት ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ ብላ ምላላታለች። ዛሬ ሆዷ ገብቷል፤ ፊቷም ጠቁሯል። አራስ መቼ እንቅልፍ አላት ብላ አሰበች ዕፀገነት።

«በይ ንገሪን እንጂ» አለቻት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ወንድ ነው ሴት?»

ፀደንያ ፈገግ አለች። መንገደኛ የምትቀበልበት ፈገግታ ነው፤ ዕፀገነትም ለሥራ የምታወጣው እንዲህ ያለ ፈገግታ ስላላት ወዲያው ለየችው።

«ወንድ ነበር» አለች።

ካስኮቹ እየጮኹ ስለሆነ ሴቶቹ የሰሙት «ወንድ» የሚለውን ብቻ ነው። «ነበር» የሚለውን የሰማችው ዕፀገነት ብቻ ናት።

እትዬ ሙሉ፣ የሳሎኑ የቆዩ ደንበኛ፣ ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ከካስኩ ሥር ብድግ ብለው የመጀመሪያውን እልልታ ለቀቁት። ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ማለት ወግ ነውና ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

ዕፀገነት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ያኔ ነው ስልኩ ትዝ ያላት። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ቅዳሜ ቀን፣ ሳሎኑ ጢም ባለበት ሰዓት ፀደንያ ደውላ፣ ቀጠሮዬን ሰርዢልኝ፣ ሆስፒታል ነኝ ብላት ነበር። ድምጿ ቀጥኖ አይሰማም። ዕፀገነት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ ችግር የለም የኔ ማር፣ ሲመችሽ ነይ ብላ ዘጋች። ምነው ድምፅሽ እንኳን አላለቻትም። ወለደች ማለት ነው ብላ ደስ አላት፣ ሰዓቷንም ለሌላ ሰው ሰጠች። ከዚያ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስትል ጊዜው አለፈ። በዚያ ግርግር መሃል ስልክ ማንሳቷንም እንደ ጥሩ መስተንግዶ ቆጥራው ነበር፤ ጉድ እኮ ነው።

እልልታው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ተዉ ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ግን ምን ብላ? ይህ ሁሉ ሴት ባለበት ዕፀገነት ደንበኛዋ ምን እንደደረሰባት አታውቅም ሊባል ነው፤ እስከ ማታ ወሬው ገርጂ ይደርሳል። አራተኛው አለፈ። ይህች ልጅ እዚህ ፊቷ ቆማ፣ እሷ የምታስበው ስለ ራሷ ስም መሆኑ ሲገባት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ወደ ፀደንያ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ይቅር በይኝ፣ አሁን አስቆማቸዋለሁ አለቻት በሹክሹክታ። እጇን ልታነሳ ስትል ግን ፀደንያ አንጓዋን ያዘቻት።

«ተያቸው» አለች። ፈገግታው ጠፍቷል። «አንድ ቀን ነው የኖረው። ክርስትና ሳይነሳ ነው ተብሎ ለቅሶ እንኳን አልተቀመጥንም። ቤተ ዘመዱ ሁሉ እንዳልተወለደ አድርጎ ነው የሚያወራኝ። እልል ያለለት የለም፤ ይበሉለት።»

እጇንም አልለቀቀቻትም። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

አምስተኛው ተባለ፤ ስድስተኛውም። እትዬ ሙሉ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደረታቸውን ይዘው እየሳቁ ተቀመጡ። የቀረችዋ አንዲት ናት፣ እሷን ደግሞ ዕፀገነት ታሰማን፣ ከሁላችንም ቀድማ ያወቀች እሷ አይደለች ወይ አሉ። ሀይሚ ሁሉም ይስማ ብላ ካስኮቹን አጠፋቻቸው። ሴቶቹ በፈገግታ ዕፀገነትን ይጠብቃሉ።

ፀደንያ ዓይኗን ጨፈነች።

ዕፀገነት ፊቷ በእፍረት እየነደደ፣ ስሙን እንኳን ላልጠየቀችው ልጅ ሰባተኛውን እልል አለች።