የቀረው በሶ

እፀገነት በሶው ከታች እንዳይረጋ ፔርሙዙን በሁለት እጇ ይዛ ትወዘውዛለች። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን የወጣችው እየወዘወዘች ነው፤ አሁንም የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ቆማም መወዝወዙን አላቆመችም።

ውስጥ ክብደት የሚያነሱት ልጆች ብረት ከብረት ያጋጫሉ። ወንድሟ እምሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ከትናንት ማታ ወዲህ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

«ተደወለ?» አላት።

«ገና ነው።»

አሰልጣኙ ጋሽ ብርሃነ ሰዓታቸውን አዩ። «ስንቴ ልናገር፣ ልጄ? ሊሠሩ ሁለት ሰዓት ሲቀር እንቁላል፣ ወተት፣ ዳቦ። ግማሽ ሰዓት ሲቀር የሚጠጣ ጣፋጭ ነገር። ግድግዳው ላይ ጽፌ ለጥፌላችሁ የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ከዳዊት ሌላ አያነብም» አለ ዘገዬ፣ ተራውን ጨርሶ ላቡን እየጠረገ። «ብረቱንም ቄሱ ይምጡና ያንሱለት።»

ልጆቹ ሳቁ። እምሩም አብሮ ሳቀ። እፀገነት ብቻ መሬት መሬት አየች። ያን ወረቀት በትምህርት ደብተሯ ጀርባ ገልብጣ በቃሏ ይዛዋለች። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ግን እምሩ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይበላም፤ ከዘጠኝ በኋላም ሽሮና ጎመን ነው። ማክሰኞ ዕለት ብረቱን ደረቱ ላይ እንዳደረሰ ዓይኑ ጨልሞበት ሲንገዳገድ በዚሁ በር ቆማ አይታዋለች።

ጥግ ካለው ጠረጴዛ ከፋብሪካው የስፖርት ክለብ የመጡት ሰውዬ ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በእምሩ ኪሎ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው፤ ዘጠና ኪሎ የሚያነሳ። ክለቡ ለያዘው ስፖርተኛ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይጠራ ደብዳቤ ይጻፍለታል ይባላል። የሁለተኛው ዙር ስም ዝርዝር በሚመጣው ሳምንት ይለጠፋል። በመጀመሪያው ዙር የሄደው የጎረቤታቸው ልጅ ተክላይ ሁለት ደብዳቤ ልኮ ዝም ካለ ሰባት ወሩ ነው። እናቱ ፖስታ ቤት መመላለስ ትተዋል።

ለዚህ ነው ጠዋት፣ እናታቸው ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጊዮርጊስ እንደወጣች፣ እፀገነት ነርሷ ጓደኛዋ አስካለ በወረቀት ጠቅልላ የሰጠቻትን ዱቄት ወተት ያወጣችው። ሦስት ማንኪያ ከበሶው ጋር መታችው። ቀለሙ አልተለወጠም። ስኳር አበዛችበት። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ እሱ አያውቅም፣ አለች በልቧ።

የዘጠኝ ሰዓቱ የጊዮርጊስ ደወል ተሰማ።

እምሩ ብድግ ብሎ አማተበና ፔርሙዙን ተቀበላት። ሳይተነፍስ ጠጣ። ግማሽ ላይ ሲደርስ አቆመና ከንፈሩን ላሰ።

«ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?»

«ስኳር» አለች። ዓይኑን አላየችም።

«የቀረው ይቆይልኝ፣ ሆዴ ይከብዳል።» አጠገቧ ተቀመጠ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እፁ፣ ለእማዬም አልነገርኳት። ለጊዮርጊስ ተስያለሁ። ጾሙ እስኪፈታ የጥሉላት ዘር አፌ አላስገባም፤ አንተም ስሜን ከዚያ ዝርዝር አውጣልኝ ብዬዋለሁ። ዘገዬ ይሳቅ። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ እሱም አይረሳኝም።»

 እፀገነት የፔርሙዙን ክዳን ማሽከርከር ጀመረች፤ ጠብቆ አልሽከረከር እስኪል ድረስ።

«ምነው?» አላት።

«ምንም። ጠብቆብኝ ነው።»

ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። ጋሽ ብርሃነ ስሙን ጠሩ። ሁለት ዕድል ነበረው።

በመጀመሪያው ብረቱ እስከ ደረቱ ወጣ። እምሩ ከዚያ በላይ ሊገፋው ታገለ፤ ክርኑ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ጠቆረ። ብረቱ ወርዶ ሲሚንቶውን ሲመታ መስኮቱ ተርገበገበ። ሰውዬው ደብተራቸው ላይ አጭር ነገር ጻፉ።

«ሦስት ደቂቃ» አሉ ጋሽ ብርሃነ። «ትንፋሽህን ሰብስብ።»

እምሩ በሩ ድረስ እየተጎተተ መጣ። መዳፉ ተልጧል።

«ስጪኝ የቀረውን።»

እፀገነት ፔርሙዙን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አልቋል ልትል ትችል ነበር። ፈሰሰብኝ ልትልም ትችል ነበር።

«እፁ፣ ምን ነካሽ? ሲወርድ ጉልበት ሲሆነኝ ታውቆኛል። ስጪኝ እንጂ!»

ተክላይ በሄደበት ቀን እናቱ የጭነት መኪናውን ጎን ይዘው ሲሮጡ፣ ነጠላቸው ወድቆ ሲረገጥ ያነሳችው እሷ ነበረች። ክዳኑን ፈታችና ሰጠችው።  እሱ ጠጣ፣ አፉን በክንዱ ጠረገና ፔርሙዙን መለሰላት።

«ጸልዪልኝ» ብሎ ገባ።

በምን አፏ? ወደ ምኒልክ አደባባይ በኩል አየች፤ ከጣሪያዎቹ በላይ የጊዮርጊስ መስቀል ይታያል። ፊቷን አዞረች። ፔርሙዙ ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ጉንጭ ያህል ወፈር ያለ በሶ ቀርቷል። እሷም ጾመኛ ናት፤ ከትናንት ማታ ወዲህ አልቀመሰችም።

ከጀርባዋ እምሩ ትንፋሹን ሲስብ ሰማች። ብረቱ ከሲሚንቶው ሲላቀቅ ሰማች።

ፔርሙዙን አንስታ የቀረውን ጠጣችው። ጣፋጭ ነው። ብረቱ ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ እየጠበቀች፣ ባዶውን ፔርሙዝ ከአፏ ሳታወርድ ቆመች።