የአዲስ ጀልባ ክፍያ

ባለታንኳው የጎረቤቱን የይስማውን አዲስ የብረት ጀልባ ጣና ዳር ባየ ቁጥር ቅናት ያንገበግበዋል። ሰው ሁሉ የሱን የደንገል ታንኳ ትቶ እሷን ሊሳፈር ነው።

በባለጀልባዎች ስብሰባ ላይ የወደቡ ሹም «የሐይቁ ክፍያ በምን ይሁን?» ብሎ ሲጠይቅ ባለታንኳው ቀድሞ ተነሳ።

«በተሳፋሪ ቁጥር ከተባለ ሰዎች ቁጥሩን ይደብቃሉ! ማንም ይሁን ማን፣ አዲስ ነገር ውሃ ላይ ባወረደ ቁጥር ሁለት ሺህ ብር ይክፈል፤ በቃ!»

ተጨበጨበለት። ይስማው ሳያንገራግር ከፈለ።

ሹሙ ደረሰኙን ቆርጦ ሰጠውና ወደ ባለታንኳው ዞረ።

«ያንተ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል?»



«ሦስት ወር ቢቆይ ነው፤» አለ አንዱ ከኋላ። «ደንገሉ ይበሰብስና አዲስ ይሠራል።»

ተሰብሳቢው አውካካ። ይስማው ብቻ አልሳቀም።

«ተዉት እባካችሁ፤» አለ፣ ኪሱን እየዳበሰ። «የሱን ሁልጊዜ እኔ እከፍልለታለሁ።»